የባቡር ሥራ ቢገኝ ልሂድ ወይስ ልቅር? ከጎጃም ለሚነሳ ሰው

ጎጃም ውስጥ ባቡር የለም። በወረቀት ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልዲያ የሚደርስ መስመር ታቅዶ ነበር፤ ሐዲዱ ግን አልተነጠፈም። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከዳንግላ ተነስቶ የባቡር ሥራ ልያዝ የሚል ሰው ዓባይን መሻገሩ አይቀርም። ይህን የምጽፈው ማስታወቂያ አይቶ ለሚያመነታ፣ ወይም ፈተናውን አልፎ “ፈርም” ለተባለ ሰው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደሞዙን ነው። ሺፍቱን፣ ማለትም የሥራ ፈረቃውን፣ የሚሰማው ከተቀጠረ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ከሺፍቱ እጀምራለሁ።

1. የትኛው ባቡር፣ የትኛው ሥራ?

“ባቡር ቤት ተቀጠርኩ” ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ውስጥ ነው የሚመላለሰው። እዚያ ከተቀጠሩ ማታ ማታ ቤትዎ ያድራሉ፤ ራስ ምታቱ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር ግን ሌላ ዓለም ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ ድሬዳዋን አልፎ ነው ወደቡ የሚደርሰው። ምደባዎ ከእነዚህ በአንዱ፣ ወይም በመካከላቸው ባለ ትንሽ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጣቢያ ማለት ሱቅ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንደ ልብ የማይገኝበት ቦታ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሥራውም ይለያያል። ባቡር ነጂው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ያድራል። የሐዲድ ጥገና ሠራተኛው ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው፤ ባቡር በማያልፍበት ሰዓት መሥራት ስላለበት ሌሊትም ሊጠራ ይችላል። የባቡሮችን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠረው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እንቅልፍ ግን ለአፍታ አይፈቀድለትም። የጥገና ዴፖ ሠራተኛው ደግሞ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ቦታ ይገባል፣ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ቢያማክረኝ፣ ክፍያው ቢያንስም ዴፖውን አስቀድም እለዋለሁ።

ስለ ነጂነት አንድ ነገር ልጨምር። ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ አንድ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ያኛው ከዘገየ ይኼኛውም ይዘገያል። እና “ማታ 12 ሰዓት እገባለሁ” ብሎ ለሚስት ቃል መስጠት ይከብዳል።

2. ካሌንደሩን ከግድግዳ ያውርዱ

የግድግዳ ካሌንደርና እስክሪብቶ ይያዙ። ባለፈው ዓመት ቤት መገኘት የነበረብዎትን ቀን ሁሉ ያክብቡ። ፋሲካ፣ ጥምቀት፣ የደብራችሁ ንግሥ፣ ማኅበሩ እናንተ ቤት የሚወጣበት ወር፣ ተዝካር፣ ሠርግ፣ የጤፍ አጨዳ። ከዚያ ያለ እርስዎ ሊያልፉ የሚችሉትን ይሰርዙ። የቀሩት ስንት ናቸው?

ባቡር በበዓል አይቆምም። እንዲያውም ሰው የሚበዛው ያኔ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ ሲጎርፍ እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት። ገና ሲመጣም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። አዲስ ገቢ ሰው ደግሞ በዓል ላይ ኦፍ ለማግኘት ወረፋው ሩቅ ነው፤ ነባሮቹ ይቀድማሉ።

ለቅሶን ለብቻው ያስቡበት። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የቅርብ ዘመድ ሲሞት የሚሰጠው የሐዘን ፈቃድ 3 የሥራ ቀን ነው። ድሬዳዋ ሆነው ሞጣ የእናትዎ እረፍት ቢነገርዎት፣ ሦስቱ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ቀብሩም ቀድሞ ይፈጸማል፤ እርስዎ የሚደርሱት ለሠልስቱ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ይህን ማንም አሠሪ አይነግርዎትም። ለራስዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ለወንድም ለእህትዎም እንደዚሁ።

3. የኦፍ ቀንን በመንገድ ይቀንሱ

“በየሳምንቱ 2 ቀን ኦፍ አለው” ሲባል ደስ ይላል። ግን ይቁጠሩት። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቀን ይበላል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ያለበት። ሁለተኛው ቀን ሄደ። መመለሻውም ያው ነው። የ2 ቀን ኦፍ ያለው ሰው ቤቱን አያይም ማለት ነው፤ የ4 ቀን ኦፍ ያለውም ሰላም ብሎ ይመለሳል። የጎጃም መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ደግሞ ስሌቱ ጨርሶ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ “ኦፍ አለ ወይ?” ብለው አይጠይቁ። “ኦፍ ማጠራቀም ይቻላል ወይ? ከዓመት ፈቃድ ጋር ማያያዝስ?” ይበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። ይህ ዋና ሀብትዎ ስለሚሆን በየሰበቡ አይበትኑት።

ቤተሰብ ይዞ መሄድም አለ። ያኔ ጥያቄው ወደ ሚስት ሥራ፣ ወደ ልጆች ትምህርትና ወደ አረጋዊ ወላጅ ይዞራል። እነሱ ሳይጠየቁ የተወሰነ ነገር ብዙ አይቆይም።

4. ሰውነትዎ ይችለዋል?

መጀመሪያ ዓይን። ነጂ ወይም ሲግናል (የሐዲዱን የመብራት ምልክት) የሚያይ ሠራተኛ ቀይና አረንጓዴን በደንብ መለየት አለበት። ቀለም የመለየት ችግር በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙዎች እንዳለባቸው አያውቁም። ለሥልጠና ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት ዓይን ክሊኒክ ይሂዱና ይመርመሩ። የጆሮ ምርመራም አብረው ያሠሩ።

ቀጥሎ እንቅልፍ። ሌሊት ሠርቶ ቀን መተኛት በወሬ ቀላል ነው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ኪራይ ቤት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ለመተኛት ሲሞክሩ ያስቡት። ልጆች ይጫወታሉ፣ ራዲዮ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ይግላል። እስካሁን ቀን ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ የማይወስድዎ ሰው ከሆኑ፣ ይህን ቀለል አድርገው አይዩት። ጥበቃ ወይም ነርስ ሆኖ ሌሊት የሚሠራ ዘመድ ካለዎት ከኔ የተሻለ ያስረዳዎታል።

አየሩም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ወባ ለጎጃም ሰው አዲስ ባይሆንም ድሬዳዋ ከዚህ በፊት የደንጊና የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነክሰው። አጎበር ለሌሊት ብቻ የሚመስለው ሰው፣ በተለይ ቀን የሚተኛ ከሆነ፣ ይሳሳታል።

መጠጥ ላይ ግን ድርድር የለም። ለበዓል አገር ቤት ገብተው ጠላውና አረቄው ሲቀዳ ሥራ የሚገቡበትን ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

5. ማንም የማያነሳው ጥያቄ

የመኪና ሾፌር እንስሳ ሲገባበት መሪ ይጠመዝዛል። የባቡር ነጂ መሪ የለውም። ፍሬን ይይዛል፣ ጡሩምባውን ያስጮኻል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የጭነት ባቡር በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ የመንገደኛው እስከ 120 ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ባዩበት ቦታ ማቆም አይቻልም። መስመሩ የሚያልፈው የከብትና የግመል አርቢዎች አገር ላይ ነው። እንስሳት ይገጫሉ። አንዳንዴም ሰው።

በሬ ለአንድ ቤት ምን እንደሆነ ለጎጃም ገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ካሳ ሊከፈል ይችላል፤ ያየውን ማየቱ ግን ለነጂው ይቀራል። ስለዚህ ይጠይቁ፦ አደጋ ሲደርስ ነጂው ይተካል? እረፍት ይሰጠዋል? የሚያነጋግረው ባለሙያ አለ? ቀጣሪው ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ስለ መሥሪያ ቤቱ ብዙ ይናገራል። የሚሥቅ ከሆነም መልስ ነው።

ጥገና ላይ ለሚገቡ ደግሞ፦ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ሳይነኩት፣ በጣም በመቅረብ ብቻ ሊገድል ይችላል። ኃይሉ መቋረጡን ማን እንደሚያረጋግጥና በምን እንደሚያረጋግጥ ሳይነገርዎ የሚጀመር ሥራ አይቀበሉ።

6. ገንዘቡና ወረቀቱ

አሁን ደሞዙ ይምጣ። መነሻ ደሞዙን ከአበሉ ለይተው ይጻፉ። የሚነገርዎት ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ አበል የተደመረበት ነው፤ ፈቃድ ላይ ሲሆኑ ወይም ሲታመሙ አበሉ ላይከፈል ይችላል። ከመነሻው ላይ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርትና ወደ ቤት የሚልኩትን ቀንሰው የሚተርፈውን ይዩ።

የትርፍ ሰዓት ሒሳቡ በሕግ የተወሰነ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ልብ ይበሉ፣ ይህ የትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ሺፍትዎ ሌሊት ላይ ስለወደቀ ብቻ በሕጉ ጭማሪ አያገኙም፤ በኅብረት ስምምነት ካልተጻፈ በቀር። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሌሊት እንዳትመደብም ሕጉ ይከለክላል።

ሥልጠና የሚሰጥዎ ከሆነ የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ቢያቋርጡ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ዋስ የሚሆንልዎ ሰውም ምን ውስጥ እንደሚገባ ያንብቡ። አጎትን ዋስ አስፈርሞ በስድስተኛው ወር ጥሎ መምጣት የዘመድ ጠብ ነው። “ገንዘብ ስጠኝና ላስገባህ” የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ይዝጉ።

7. ሄደው ከሆነ

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ የሥልጠና ውል ካለ ግን የራሱ ግዴታ አለው። ስለዚህ በ60ው ቀን ውስጥ አገር ቤት ያለውን ነገር አይሽጡ። በሬውን ወንድምዎ ጋ ያቆዩ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ከሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ጋም ያስመዝግቡት። የሱቅ ንግድ ፈቃድ ካለዎት ፈቃዱን መልሶ ለማስረከብ አይቸኩሉ።

ከሙከራው በኋላ አልሆነልኝም ካሉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣሉ። ሲወጡ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይዘው ይውጡ። ኤሌክትሪክ ወይም ማሽን ጥገና ላይ ከነበሩ ባሕር ዳር ያሉ ፋብሪካዎች ሲቀጥሩ የሚጠይቁት እሱን ነው።