የቡድን የማጥቃት አቅም ሲለካ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ሞጣም ይሁን ባሕር ዳር፣ ከእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ ክርክሩ ያው ነው፤ «አጥቂዎቻችን ደካማ ናቸው» የሚልና «ዕድል አጡ እንጂ» የሚል። ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ የሚሟገተው በተሳሳተ ቁጥር ነው።

ጎል ደምሮ ለጨዋታ ማካፈል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በ6 ጨዋታ 12 ጎል ያገባ ቡድን አማካዩ 2 ይመጣል። መዝገቡን ገልጠው ሲያዩት ግን 6ቱ የገቡት በአንድ ቀን፣ ተጫዋች ጎድሎት በመጣ ቡድን ላይ ቢሆንስ? ለ5ቱ ጨዋታ የቀረው 6 ጎል ነው። አንዱ በፍጹም ቅጣት ምት ከተገኘ ደግሞ አማካዩ 1 ሆኖ ቁጭ ይላል። ፍጹም ቅጣት ምት ለብቻው ይጻፍ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ስለሚገቡ የቡድኑን ጨዋታ የመፍጠር አቅም አያሳዩም።

ሙከራን ሁሉ እኩል መቁጠር። ከ16.50 ሜትሩ ክልል (ከግቡ ፊት ካለው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል) ውጭ ከተመቱ 100 ኳሶች ጎል የሚሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ መዝጋቢው ሦስት ዓምድ ያስምር፦ ከክልሉ ውጭ፣ ከክልሉ ውስጥ በእግር፣ ከክልሉ ውስጥ በግንባር። ከማዕዘን ምትና ከቅጣት ምት የመጣው አጠገቡ ምልክት ይደረግበት። ሜዳው መስመር ከሌለው በእርምጃ አይገምቱ፤ የአንዱ እርምጃ ከሌላው ይለያል። 16.50 ሜትር ገመድ ቆርጠው ከግቡ መስመር ወደ ሜዳው ይዘርጉ፣ ከዚያ ከሁለቱም ቋሚዎች ወደ ጎን ይለኩ፣ በኖራ ወይም በአመድ ያስምሩ።

የኳስ ቁጥጥርን እንደ ማጥቃት ማየት። ተከላካዮች እርስ በርስ ሲቀባበሉም ቁጥጥሩ ያድጋል። ይልቅ ኳስ በቅብብል ወይም በመግፋት ስንት ጊዜ ክልሉ ውስጥ እንደገባ ይቁጠሩ። የተሻማ ኳስ የሚቆጠረው የራስ ተጫዋች ሲነካው ብቻ ነው።

ደቂቃን መርሳት። አጠር ባለ የ70 ደቂቃ ጨዋታ የተደረገ 14 ሙከራ በ90 ደቂቃ ሲሰላ 18 ነው፤ ለ70 አካፍሎ በ90 ማባዛት ነው።

ውጤቱን አለማየት። 2 ለ 0 የሚመራ ቡድን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ሙከራውም ይቀንሳል። ይህን ድክመት ብሎ መጻፍ ያሳስታል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ ጎን የዚያን ሰዓት ውጤት ማስፈር በቂ ነው።

የክረምትና የበጋ ጨዋታንም አይቀላቅሉ፤ ጭቃ ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ መንገድ ላይ ይቀራል።