ሰማዩ ላይ የሚወጣው እድፍ ከየት ይመጣል? የውሃ ቀለም ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል (የጋራ መሰብሰቢያ ቤት) ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን በውሃ ቀለም እንስላለን። ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ተማሪዎችም አሉ። ሰዉ ይለዋወጣል፤ የሚበላሸው ነገር ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ብሩሽ አያያዝና ቀለም አቀላቀል እዚህ የለም፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

ሰማዩ ላይ የተበጣጠሰ ጠርዝ ያለው እድፍ ወጣ

ሰማዩን ለስላሳ አድርጋችሁ ቀባችሁ። ሲያዩት ያምር ነበር። ሲደርቅ ግን መሃሉ የነጣ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን የተጨማደደና የጠቆረ እድፍ ተቀምጦበታል። ሌላው ችግር ሁሉ ቢደመር ይህን አያክልም። ሳላየው የማልፈው ቅዳሜ የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ አንድ ነው። ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ደርቆ ሳለ፣ ከእሱ የበለጠ ውሃ መጣበት። የውሃ ቀለም የደቀቀ የቀለም ዱቄት ነው፤ የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው። ወረቀቱ እርጥብ እስካለ ድረስ ዱቄቱ ይንሳፈፋል። አዲስ ውሃ ሲጨመር ውሃው መድረቅ ወደጀመረው ወገን ይሰራጫል፣ ዱቄቱንም እየገፋ ይወስደዋል። የቆመበት ቦታ ላይ ዱቄቱ ይከማቻል። ያ ጥቁር ጠርዝ እሱ ነው።

እኛ ጋ የሚብሰው በአየሩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው። ፀሐዩ ይከራል። ዳር ላይ፣ ሜዳው ላይ ስለሆንን ነፋሱም አይጣል ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት አስተማሪ ሰማዩን ቀብቶ፣ ብሩሹን አጥቦ፣ ትንሽ አውርቶ ተመልሶ ደመና ይጨምራል። የእሱ አገር እርጥበት አለው። እዚህ እናንተ ብሩሽ እስክታጥቡ ወረቀቱ ግማሽ ደርቋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ይገለበጣል። ወረቀቱ አልደርቅ ይላል፣ ሰው ይሰለቻል፣ ሳይደርቅ ይነካዋል። ውጤቱ ያው እድፍ ነው።

መፍትሄው ወረቀቱን ማንበብ ነው። ሰሌዳውን አንሱና በመስኮቱ ብርሃን በጎን እዩት። ውሃው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገና ጊዜ አላችሁ፤ ቀለም መጨመር ይቻላል፣ እየፈሰሰ ይቀላቀላል። ብልጭታው ጠፍቶ የደበዘዘ ወዝ ብቻ ከቀረ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። አደገኛው ሰዓት ይሄ ነው። ወዙም ጠፍቶ የደረቀ ሲመስል የእጃችሁን ጀርባ በቀስታ አስጠጉት። ከቀዘቀዘ አልደረቀም። ሁለተኛው ቅብ የሚቀባው ቅዝቃዜው ሲጠፋ ነው። በመዳፍ አትንኩ፣ የእጅ ቅባት ይይዛል።

ከመካከላችን አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው አባት፣ አንድ ቀን የረርን እየሳሉ ነበር። ከእኛ መስኮት ተራራው ፊት ለፊት ነው። ሰማዩ አንድ ወጥ ሆኖ ወጥቶላቸዋል። ከላይ ጥግ ላይ ግን ቀለም ያልነካት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀረች።

«ጋሼ፣ ይተዉዋት» አልኳቸው።

«ይቺን ብቻ ልሙላት» አሉ።

ወረቀቱ ወዙ ብቻ ነበር የቀረው። ብሩሹ ደግሞ ውሃ ጠግቧል። ነጥቧ ተሞላች። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ እድፉ የሰማዩን ሲሶ ይዞ ነበር። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ነጥቧ ብትተው ማንም አያያትም ነበር። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምለው፦ ግማሽ የደረቀ ሰማይ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም። ከደረቀ በኋላ ነጥብ መሙላት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይገባው ዓይነት «እኔ አልነካሁትም!» የሚባለው ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። እውነቷን ነው፣ አልነካችውም። ወረቀቷን በማስኪንግ ቴፕ ዙሪያውን ለጥፋዋለች። ቀለሙ ሲወርድ ትርፉ ውሃ ከታች ቴፑ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሟል። ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁት ቀጭን የውሃ መስመር ቆሞ ይታያል። መሃሉ ቀድሞ ሲደርቅ፣ ያ ውሃ ወደ ላይ ተመልሶ ይሳባል። እድፉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቀብታችሁ እንደጨረሳችሁ ብሩሹን አጥባችሁ በሶፍት ጭመቁት። ከዚያ ጫፉን ብቻ በቴፑ ጠርዝ ላይ አስኪዱት፤ የቆመውን ውሃ ይመጠዋል። እንደገና ጭመቁ፣ እንደገና አስኪዱ። ቴፑ ላይ የቀረውንም ጥረጉ። ለዚህች ስራ አትስነፉ። ይህን በመልመድ ብቻ እድፉ በብዙ ይቀንሳል።

ብሩሽ ማራገፍ የለም። አንድ ሰው ሲያራግፍ ጠብታው የሦስት ሰው ስዕል ላይ ያርፋል። ልጆች ሲሮጡ ጠረጴዛውን እንዳይነኩ። የውሃ ብርጭቆውን ከወረቀቱ በላይ አታሳልፉ። ግድ እርጥብ ላይ ቀለም መጨመር ካለባችሁ፣ ብሩሹ ከወረቀቱ የደረቀ ይሁን። ብሩሹ ጫፉ ቢደርቅም ሆዱ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ብረቱ ስር ያለውን ፀጉር ሶፍት ላይ አስነኩት።

እድፉ ከወጣ በኋላስ? እርጥብ እያለ ምንም አታድርጉ። በሶፍት ልምጠጠው ማለት ሌላ እድፍ መውለድ ነው። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ንጹህ እርጥብ ብሩሽ ይዛችሁ ጥቁሩን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ በሶፍት ጫን እያደረጋችሁ አንሱ። አልትራማሪን ሰማያዊ በደንብ ይነሳል። ታሎ ሰማያዊ ወረቀቱን ነክሶ ይይዛል፣ አትልፉበት። ካልሆነ ደመና አድርጉት፣ ወይም ጠቆር ያለ ባህር ዛፍ አቁሙበት። ጋሼ ያን የረር ስዕል ያዳኑት ሁለት ባህር ዛፍ ተክለውበት ነው። ቤታቸው ሳሎን ተሰቅሏል።

ወረቀቱ ተንጋደደ፣ ተላጠ፣ ቀለሙን ዋጠው

በግልጽ ልናገር፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የወረቀቱ ነው። ሽፋኑ ላይ ለውሃ ቀለም ነው ተብሎ፣ 300 ግራም ተብሎ ተጽፎበት፣ ውስጡ ተራ ካርቶን የሆነ ደብተር ገበያው ላይ ሞልቷል። አንዲት እናት ለልጃቸው ከወር አስቤዛ ቀንሰው ገዝተው አመጡ። አንድ ቅብ ሳይችል ፊቱ እየተላጠ ጥቅልል ብሎ ወጣ። ልጁ «እኔ አልችልም» ብሎ ብሩሹን አስቀመጠ። ያናድዳል።

ደህና ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ማጣበቂያ ይገባበታል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይሰርግ የሚይዘው እሱ ነው። ስትገዙ አንድ ቅጠል ለምኑና አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ለትንሽ ጊዜ ድብልብል ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ወዲያው ጠፍቶ ጀርባው ከጠቆረ አትግዙ። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነው ይወደዳል፣ ግን አንዱን ትልቅ ቅጠል ለአራት ወይም ለስምንት ቆርጣችሁ ተካፈሉት። ልምምዱን በጀርባውም መስራት ይቻላል። ሃያ መጥፎ ቅጠል ከማበላሸት አራት ጥሩ ቅጠል ይሻላል።

መንጋደዱ ሌላ ነው። ወረቀት ሲርስ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በካሬ ሜትር ከ300 ግራም በታች ከሆነ አስቀድሞ መወጠር አለበት። ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ፣ ኮምፔንሳቶ ላይ ዘርግታችሁ፣ ጀርባው በውሃ የሚጣበቀውን ቡናማ የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉ። ሲደርቅ ተወጥሮ ይቀራል። ማስኪንግ ቴፕ እርጥብ ወረቀት ላይ አይዝም። የተንጋደደ ስዕል ካላችሁ ደግሞ ጀርባውን በስፖንጅ አርሱት፣ በሁለት ንጹህ ወረቀት መሃል ከባድ መጻሕፍት ጭናችሁበት ይደር።

ቀለሙ ጭቃ ሆነ

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሰው ከጀሪካን ቆጥቦ አንድ ብርጭቆ ይቀዳና እስከ ማታ በእሱ ይሰራል። ውሃው ከጠቆረ ቢጫው ንጹህ ሊሆን አይችልም። ሁለት ዕቃ ያዙ፦ አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ለቀለም ብቻ። ማጠቢያው ቢቆሽሽም ሁለተኛው ይቆያል፣ ውሃም ይቆጠባል።

ከሦስት ቀለም በላይ አትደባልቁ። ቢጫና ሐምራዊ፣ ቀይና አረንጓዴ ከተዋሃዱ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው የሚወጣው። አንድ ቦታ ደጋግሞ ማሸትም ያጨቀያል፤ የስረኛውን ያስነሳዋል።

አደይ አበባው ቢጫ አልሆን አለ

መስከረም ላይ ሁሉም አደይ ይስላል። መስኩን መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ይቀባሉ፣ ከዚያ ቢጫ ይነጠባሉ። ቢጫው ይጠፋል። የውሃ ቀለም ስሩን ያሳያል፣ ጥቁሩን አይሸፍንም። ብርሃኑ ከወረቀቱ ነጭ ነው የሚመጣው። አበባውን መጀመሪያ ቀቡ፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን በዙሪያው አስኪዱ። ወይም የደረቀው ቢጫ ላይ ጧፍ እሹበት፤ ሰሙ ውሃውን ይመልሰዋል። ሰሙ ግን አይለቅም፣ አስባችሁ እሹ።

ስዕሉ ግድግዳ ላይ ደበዘዘ

እኛ ከፍታ ላይ ፀሐይ አይምርም። ርካሽ ሮዝና ሐምራዊ ቀድመው ይሄዳሉ፤ አሊዛሪን ቀይም ይለቃል። ፀሐይ ከሚያገባ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ። ያልታወቀ የቀለም ሳጥን ከገዛችሁ እያንዳንዱን ቀለም ወረቀት ላይ በመስመር ቀቡ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ፣ መስኮት ላይ ለሁለት ሦስት ወር ለጥፉት። ካርቶኑን ስታነሱ የትኛው እንደሚከዳ ታያላችሁ። ሰው ስዕል ከመግዛቱ ወይም በስጦታ ከመቀበሉ በፊት ይህ መታወቅ አለበት።

ቀሪዎቹ

ሲደርቅ ነጣ፦ ጤነኛ ነው፣ ከምትፈልጉት አጥብቃችሁ ቀቡ።

ቀለሙ አንዳንድ ቦታ አልይዝ አለ፦ ቅባት ነው። ዳቦ ቆሎ በልታችሁ እጅ ሳትታጠቡ ወረቀት አትንኩ።

ሳጥኑ ሻገተ፦ ክረምት ላይ እርጥቡን ዘግታችሁታል። ክፍት አድርጋችሁ አድርቁ።

ቱቦው ውስጥ ደረቀ፦ አይጣልም። ቱቦውን ቅደዱት፣ በእርጥብ ብሩሽ ይሰራል።

ብሩሹ ተንጨባረረ፦ ብርጭቆ ውስጥ በጫፉ አቁማችሁት ነው። ፀጉሩ ይጣመማል፣ ሙጫው ይለቃል፣ እንጨቱ ያብጣል። አጥባችሁ በጣት አሹሉና አጋድማችሁ አድርቁ። በምላስ አታሹሉ። ካድሚየምና ኮባልት ያለባቸው ቀለሞች መርዛማ ናቸው፣ ልጆች ደግሞ እናንተን አይተው ይልሳሉ። የመጠጫ ብርጭቆና የቀለም ብርጭቆ አይቀላቀል። ማጠቢያውን ውሃ ጎመን ላይ አትድፉ።

ቴፑ ሲነሳ ወረቀቱን ገሸለጠው፦ ሳይደርቅ ቸኩላችኋል። መብራት ካለ የፀጉር ማድረቂያውን ትንሽ አሙቁበት፣ ከዚያ ቴፑን ወደ ውጭ፣ ከስዕሉ እያራቃችሁ፣ በቀስታ ሳቡ።