በረጅም የመኪና ጉዞ ላይ መንገድ ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከከተማ ወደ ከተማ በሚደረግ ጉዞ ላይ «መንገድ ጠፋን» ስንል ሦስት የተለያዩ ስህተቶችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። ስልኩ ያሉበትን ቦታ አላወቀ ይሆናል፤ ያሉበትን አውቆ የሚሄዱበትን ስቶ ይሆናል፤ ወይም ሁለቱንም አውቆ በመካከላቸው የመረጠው መንገድ ለመኪናዎ የማይሆን ይሆናል። የሦስቱም መፍትሄ ለየቅል ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ አፑን እየዘጉ መክፈት ብዙም አይረዳም። ስለዚህ መኪናውን አስተማማኝ ቦታ ላይ ዳር ካስያዙ በኋላ በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ካርታው ላይ የቆምኩበት ቦታ እውነት እዚህ ነው ወይ?» የሚል ነው።

ሰማያዊዋ ነጥብ ቆማ ስትቀር ወይም ስትዘል

መኪናው እየሄደ፣ ያሉበትን ቦታ በካርታው ላይ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ከቆመች፣ ወይም ከመንገዱ ወጥታ ሜዳ ላይ ከታየች፣ በመጀመሪያ በዙሪያዋ ያለውን ፈዘዝ ያለ ክብ ይመልከቱ። ክቡ ጠባብ ከሆነ ስልኩ በግምቱ ይተማመናል ማለት ነው። ሰፊ ከሆነ ግን የሳተላይት ምልክት ስላላገኘ ቦታውን በአቅራቢያው ካሉ የሞባይል ማማዎች እየገመተ ነው። ከተማ ውስጥ ማማዎቹ ስለሚቀራረቡ ግምቱ ብዙም አይርቅም፤ በከተሞች መካከል ግን ተራርቀው ስለሚተከሉ ስህተቱ ኪሎ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስልኩ ቦታውን በትክክል ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ማግኘት አለበት፤ ሦስቱ ለቦታውና ለከፍታው፣ አራተኛው ደግሞ የስልኩ ሰዓት ከሳተላይቶቹ ሰዓት ጋር ያለውን ልዩነት ለማረም ያስፈልጋሉ። ምልክቱ ምድር ላይ ሲደርስ እጅግ ደካማ በመሆኑ ዋሻ፣ ጥልቅ ሸለቆና ረጃጅም ሕንፃዎች ይጋርዱታል። ሙቀት እንዳያስገባ ቀጭን ብረት የተቀባ የፊት መስታወት ባላቸው መኪኖች ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ መዳከሙ አይቀርም። ስልኩን ከማርሹ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ አውጥተው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሰማይ በሚታይበት በኩል ያስቀምጡት፤ መስታወቱ ከተጠረጠረ ወደ ጎን መስኮት ያስጠጉት። ቀጥሎ የባትሪ ቁጠባውን ያጥፉና በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ለካርታው አፕ ትክክለኛ ሎኬሽን የመጠቀም ፈቃድ መሰጠቱን ያረጋግጡ። ሰማዩ ክፍት ሲሆን ስልክ ብዙውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር በሚደርስ ልዩነት ቦታውን ያውቃል፤ እነዚህን አስተካክለውም ክቡ ካልጠበበ ችግሩ ከዚህ በታች ያለው ሊሆን ይችላል።

ስልኩ ለረጅም ጊዜ ሎኬሽኑ ጠፍቶ ከቆየ ወይም ሩቅ ቦታ ከደረሰ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበት ሲከፈት ሳተላይቶቹን ለማግኘት ይዘገያል። በአዘቦቱ እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚገልጸውን መረጃ በኢንተርኔት በቅጽበት ያወርደዋል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ከራሱ ከሳተላይቱ መስማት አለበት፤ ይህም መረጃ በየ30 ሴኮንዱ እየተደገመ የሚተላለፍ ስለሆነ በመሀል ድልድይ ወይም ገደል ሲጋርደው የጎደለውን ለመስማት ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። እየነዱ ከመጠበቅ ይልቅ ክፍት ቦታ ላይ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ይሻላል። በዚሁ አጋጣሚ አንድ በሰፊው የሚሰማ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ተገቢ ነው፦ ዳታ ስለጠፋ ጂፒኤስ አይጠፋም። ስልኩ የሳተላይቶቹን ምልክት የሚቀበለው እንደ ሬዲዮ ስለሆነ ያለ ሲም ካርድም ይሠራል፤ ዳታ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርታው ነው።

ነጥቧ ትክክል ሆና ቀስቷ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ስታመለክት ደግሞ ጥፋቱ የሳተላይት ሳይሆን የስልኩ ኮምፓስ ነው። የማግኔት መያዣ፣ የድምፅ ማጉያና የመኪናው ብረት ኮምፓሱን ያሳስቱታል። መኪናው ሲንቀሳቀስ አፑ አቅጣጫውን ከእንቅስቃሴው ስለሚያሰላ ቀስቷ ራሷ ትስተካከላለች፤ ቆመው ሳሉ ማወቅ ካስፈለገ ስልኩን ከማግኔቱ አላቀው በእጅዎ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ጥቂት ጊዜ ያዟዙሩት። ከነዳጅ ማደያ ወጥተው በመጡበት አቅጣጫ ተመልሰው የሚነዱ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ይህችን የቆመች ቀስት አምነው ነው።

ዋናው መንገድና ከጎኑ የሚሄደው የአገልግሎት መንገድ ሲቀራረቡ፣ ወይም አንዱ በሌላው ላይ በድልድይ ሲያልፍ፣ አፑ መኪናውን በአቅራቢያው ባለው መስመር ላይ ስለሚለጥፍ በስህተት «ታጠፍ» ማለት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚታመነው የመንገዱ ምልክት ሰሌዳ ነው፤ ሁለቱ መንገዶች ሲለያዩ አፑ ራሱን ያርማል።

መኪናው ውስጥ የተገጠመ የቆየ የጂፒኤስ መሣሪያ ካለዎትና የሚያሳየው ቀን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ፣ የተሰበረ ነገር የለም። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንታትን ሲቆጥር 1,024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 እና በአፕሪል 2019 ደርሷል። ለዚህ ያልተዘጋጁ መሣሪያዎች ቀኑን ይስታሉ፤ አንዳንዶቹም ቦታ ማግኘት ይሳናቸዋል። የአምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ ይጫንበት፤ ከሌለ በዚህ መሣሪያ ተማምኖ ረጅም ጉዞ መውጣት አያዋጣም።

ነጥቧ አለች፣ ካርታው ግን ባዶ ነው

ይህ ችግር የሚከሰተው ካርታውን ቀድሞ ባለማውረድ ብቻ አይደለም። ብዙ ተጓዦች መነሻና መድረሻ ከተማውን አውርደው በመካከል ያለውንና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን አካባቢ ይረሱታል፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ደግሞ እዚያው መካከል ላይ ነው። በጎግል ማፕስ የሚወርዱ ቦታዎች በየጊዜው ካልታደሱ ጊዜያቸው ያልፋል። ያለ ኢንተርኔት ሲሠራም የመኪና አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ የትራፊክ መጨናነቅንና አማራጭ መንገዶችን አያሳይም። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት የካርታ አፖች የአንድን አገር ወይም ክልል ካርታ በሙሉ ስልኩ ላይ አስቀምጠው ፍለጋውንም ስሌቱንም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የሁለቱም ካርታ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና ፈቃደኞች በሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ለረጅም ጉዞ ከእነዚህ አንዱን ከተለመደው አፕ ጎን መያዝ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ካርታ የጎደለው መንገድ በሌላው ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛልና።

ካርታው በትክክል መውረዱን ማወቂያው ቀላል ነው። ከቤት ሳይወጡ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉና በጉዞው መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ይፈልጉ፤ መንገዶቿ አጉልተው ሲያዩዋት ከታዩና አቅጣጫ ከተሰላ ዝግጁ ነዎት። ካርታው መንገድ ላይ ሳሉ ከጠፋ ግን የተጀመረውን ጉዞ ከአፑ ላይ አይሰርዙ። አንድ ጊዜ የተሰላው መስመር ኔትወርክ ቢጠፋም በአብዛኛው ስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ የሰረዙት እንደሆነ ግን ኔትወርክ እስኪያገኙ ድረስ አይመለስም።

ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፣ ርቀቱ ግን አልገጥም ይላል

300 ኪሎ ሜትር ነው የተባሉት ቦታ ካርታው ላይ 500 ሲል፣ ወይም የመጀመሪያው መታጠፊያ ከጠበቁት በተቃራኒ ሲሆን፣ ስልኩ ሌላ ቦታ ሊወስድዎት እየተዘጋጀ ነው። ከሁሉም ስህተቶች ውድ የሆነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ዓይነት የብልሽት ምልክት አያሳይም። መኪናው በተመቸ አስፋልት ይሄዳል፣ ድምፁ በእርጋታ ያዝዛል፣ የሚደርሱት ግን ሌላ ቦታ ነው።

ተደጋጋሚው መንስኤ የስም መመሳሰል ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ከተሞችና መንደሮች በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ይበዛሉ፣ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ሲጻፍ ደግሞ ፍለጋው ሌላውን ያመጣል። ከመነሳትዎ በፊት ካርታውን አርቀው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩትና የሚያልፉባቸውን ትልልቅ ከተሞች በቅደም ተከተል ይጥሯቸው። አንዱ እንግዳ ከሆነብዎት ጉዞው ሳይጀመር ይጣራ።

ሁለተኛው መንስኤ በቁጥር የተላከ ሎኬሽን ነው። አንድ ሰው የቦታውን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ብሎ ነገረዎት እንበል። ይህን በካርታው መፈለጊያ ውስጥ 9.30 ብለው ከጻፉት ተሳስተዋል፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው፣ የሚጻፈውም 9.5 ተብሎ ነው። በ9.30 እና በ9.5 መካከል ያለው ልዩነት 0.2 ዲግሪ ሲሆን፣ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ከመድረሻዎ በ22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ ሌላ አገር ወይም ባሕር ላይ ይጥልዎታል፤ በተለመደው አጻጻፍ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ከ90ም አይበልጥም። በፕላስ ኮድ (ቦታን በጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች በሚገልጽ አድራሻ) የሚላክ ሎኬሽን ከሆነ፣ ከመደመር ምልክቱ በፊት 4 ፊደልና ቁጥር ብቻ ያለው አጭሩ ኮድ ከነከተማው ስም መጻፍ አለበት፤ 8 ያለው ሙሉው ኮድ ግን ብቻውን ይበቃል።

ከአስፋልት አውጥቶ ወደ ጠጠር መንገድ ሲመራ

አፑ መንገድ የሚመርጠው ለእያንዳንዱ የመንገድ ዓይነት ፍጥነት ገምቶ ነው። ብዙ ተጓዥ በማይሄድበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ግምቱን የሚያርም መረጃ ስለማያገኝ፣ ጉድጓድና ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ እንደ ደህና መንገድ ቆጥሮ ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ይመራዎታል። ከዚህ ሌላ፣ ካለፈው ጉዞ የቀረ ማስተካከያም ሊኖር ይችላል፦ «ክፍያ ያለባቸውን መንገዶች አስወግድ» የሚለው በርቶ ከቀረ ፈጣኑ መንገድ አጠገብዎ እያለ በየመንደሩ ያዞርዎታል። ማስተካከያውን ይፈትሹ፤ ያ ካልሆነ በዋናው መንገድ ላይ ያለችን ከተማ እንደ ማለፊያ ነጥብ ጨምረው መስመሩን በእርሷ በኩል ያስገድዱት። በማያውቁት አገር፣ በተለይ ሲመሽ ወይም ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት የሚረዝመውን ዋና መንገድ እመርጣለሁ፤ ጠጠር መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ያንን ግማሽ ሰዓት በብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ከተማ ሲያቋርጡ መውጫው ሲጠፋ

ረጅም ጉዞ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከገጠሩ ይልቅ በመሀል ያሉትን ከተሞች ሲያቋርጥ ነው። አደባባዩና ማሳለጫው ይከታተላሉ፣ ትእዛዙ ከመታጠፊያው ጋር እኩል ይደርሳል፣ የምልክት ሰሌዳው ደግሞ የመጨረሻ መድረሻዎን ሳይሆን ቀጣይዋን ከተማ ብቻ ይጽፋል። ለዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈ ዝርዝር ከስልክ ይበልጣል፦ የከተሞቹ ስም በቅደም ተከተል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ የመንገዱ ቁጥር። ከእያንዳንዱ ከተማ ሲወጡ የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ቀጣዩ መታጠፊያ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነና ቆጣሪው 50 ካለ፣ አልፈውታል። ፈጣን መንገድ ላይ መውጫ ካመለጠ ወደ ኋላ መንዳት ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ እስከ ቀጣዩ መውጫ መሄድ ግድ ነው።

ስልኩ ሲግል፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ድምፁ ሲጠፋ

ፀሐይ የሚመታው ስልክ ቻርጅ እየተደረገ ካርታ ሲያሳይ ከሦስት በኩል ይግላል። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስልኩን ከመኪናው አየር ማስወጫ ፊት ያድርጉት፣ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱ። ቻርጅ ላይ ሆኖ ባትሪው የሚወርድ ከሆነ የሰኩት ለሙዚቃ በተሠራ ዩኤስቢ ይሆናል፤ ብዙዎቹ የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ብቻ ስለሆነ በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚሰካ ቻርጀር ይጠቀሙ። ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ብሉቱዙን ይመልከቱ፤ ትእዛዙ ድምፁ ወደተዘጋው የመኪና ሬዲዮ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ምንም የሚሠራ መሣሪያ በማይኖርበት ጊዜ

ሰው ሲጠይቁ «ይህ መንገድ ወደ እገሌ ከተማ ይወስዳል?» አይበሉ፤ ለእንግዳ ደግ የሆነ ሰው «አዎ» ለማለት ይቸኩላል። «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው ደግሞ ሌላ ሰው ይድገሙ። ርቀት በሰዓት ከተነገረዎት በእግር ይሁን በመኪና አብረው ይጠይቁ። በፀሐይ አቅጣጫ መለየት የሚሹ ሰዎች፣ ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው እ.ኤ.አ. በማርችና በሴፕቴምበር የሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ብቻ መሆኑን፣ በሐሩር ክልል ደግሞ እኩለ ቀን ላይ እንደ ወቅቱ በሰሜንም በደቡብም ልትሆን እንደምትችል ይወቁ፤ ስለዚህ ከጧትና ከማታ ፀሐይ ይልቅ የቀትሯ ታሳስታለች። ቆጣሪው ከተባለው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር አልፎ የተጠበቀችው ከተማ ካልታየች፣ ወደ ፊት ሌላ መታጠፊያ ከመፈለግ ይልቅ ስሙ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በዓይንዎ ወዳዩት የመጨረሻ ቦታ ይመለሱና ቆጣሪውን ከዚያ እንደገና ይጀምሩ።