የስፓይራል ራስ ጥርስ ስታዞሩ
የመላጊያ ማሽናችሁን ቀጥ ያለ ቢላዋ በስፓይራል ራስ (ትንንሽ ጥርሶች በጥምዝ መስመር በተደረደሩበት ሲሊንደር) ከቀየራችሁ ጥሩ አድርጋችኋል። አንጓ የበዛበት ዋንዛ እንኳ ብዙም ሳይቦጨቅ ይላጋል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። አራት ማዕዘን የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በአራቱም ጎን ስለት አላቸው። አንዱ ሲደነዝዝ 90 ዲግሪ ማዞር ነው።

ግን ዝም ብሎ ማዞር የለም። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያ የጥርሱን መቀመጫ በብሩሽ ጥረጉ፤ የእንጨት ሙጫ ከያዘ ቲነር በነካ ጨርቅ አጽዱና ይድረቅ። ቅንጣት ሰጋቱራ ከሥር ከቀረች ጥርሱ ከፍ ይልና እንጨቱ ላይ በርዝመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ያሰምርባችኋል። ሲብስ ደግሞ ብሎኑ ሲጠብቅ ካርባይዱ ይሰነጠቃል፤ እሱ እቴ ርካሽ አይደለም! ብሎኑን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ብቻ አጥብቁ።