ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጃችሁ ሲገባ፦ ወጣት ጀማሪ ኢንቨስት ማድረግን እንዴት ይጀምር?

ውርስ ሊሆን ይችላል። የካሳ ክፍያ፣ ከተሸጠ ቤት የደረሰ ድርሻ ወይም ለዓመታት የተጠራቀመ ቁጠባም ሊሆን ይችላል። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ይዞት የማያውቀው ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚጠይቀው «የት ላድርገው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ «መቼ እፈልገዋለሁ?» ይህ ካልተመለሰ ምርጥ የተባለው ኢንቨስትመንት እንኳ ባልተመቸ ቀን በኪሳራ ያሸጣችኋል።

1. መጀመሪያ አሳርፉት

ገንዘቡ በገባ ሰሞን ምንም አትግዙ። አክሲዮንም፣ መኪናም፣ ቤትም ይቆይ። ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቀመጥ። በእነዚህ ወራት የሚያመልጣችሁ ትርፍ ቢኖር ትንሽ ነው። በብዙ አገሮች ባንክ ቢወድቅ የአስቀማጮችን ገንዘብ የሚተካ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ፤ ነገር ግን ጣሪያ አለው። ያላችሁ ከጣሪያው ከበለጠ ከአንድ በላይ ባንክ ውስጥ ክፈሉት።

እስከዚያው ሁለት ነገር ጨርሱ። አንደኛው ግብር ነው። ገንዘቡ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ ያ ክፍል የእናንተ አይደለም፤ አውቃችሁ ለዩት። ሁለተኛው ሰው ነው። ወሬው ከወጣ ብድር የሚጠይቅ፣ «አብረን እንሥራ» የሚል ዘመድና ጓደኛ መምጣቱ አይቀርም። መርዳት ከፈለጋችሁ መጠኑን አሁን ወስኑ፤ የምትሰጡትንም እንደ ስጦታ ቁጠሩት እንጂ እንደሚመለስ ገንዘብ አትያዙት። ከዚያ በላይ ለሚጠይቃችሁ «የቀረው ለረጅም ጊዜ ታስሯል» ማለት ይቻላል። ትንሽ ለራሳችሁ ማውጣትም ነውር የለውም።

2. ውድ ዕዳ ካለ ክፈሉ

በዓመት 20 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ዕዳ ካለባችሁ እሱን መክፈል 20 በመቶ እርግጠኛ ትርፍ እንደማግኘት ነው። ይህን የሚያህል እርግጠኛ ትርፍ ሌላ ቦታ አታገኙም። ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ የረጅም ጊዜ ብድር ግን ሊቆይ ይችላል።

3. ለእያንዳንዱ ክፍል ቀን ስጡት

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ወረቀት አውጡና ገንዘቡን በምትፈልጉበት ጊዜ ከፋፍሉት።

ሥራ ቢቋረጥ ወይም ሕመም ቢመጣ የሚያኖራችሁ ገንዘብ ይቅደም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሆን የኑሮ ወጪ በማንኛውም ሰዓት ልታወጡት በምትችሉት ሂሳብ ይቀመጥ። ይህ ክፍል ትርፍ እንዲያመጣ አይጠበቅበትም።

ቀጥሎ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ውስጥ ለታወቀ ጉዳይ የምትፈልጉት አለ። ለትምህርት፣ ለጋብቻ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ይህን አክሲዮን ውስጥ አታስገቡት። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት ለአጭር ጊዜ የምታበድሩበት) ወይም አጭር ጊዜ ያለው ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ የምታበድሩበት ሰነድ) ይበቃዋል። ከዚያ አልፎ እስከ አሥር ዓመት ድረስ የምትፈልጉትን ቦንድና አክሲዮን ቀላቅላችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ ቀኑ ሲቀርብ የአክሲዮኑን ድርሻ እየቀነሳችሁ።

የመጨረሻው ክፍል አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የማትነኩት ነው። ወጣትነት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው። በዓመት በአማካይ 7 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በአሥር ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በ40 ዓመት ደግሞ 15 እጥፍ ይደርሳል። 7 በመቶ ማንም ዋስትና የሚሰጥበት ቁጥር አይደለም፤ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ነው የወሰድኩት። በአንጻሩ የዋጋ ንረቱ በዓመት 5 በመቶ ከሆነ ያለ ወለድ የተቀመጠ ገንዘብ በ14 ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሩቅ ቀን ያለውን ገንዘብ ፈርቶ ማስቀመጥም ያከስራል።

4. የሩቁን ገንዘብ በሰፊው በትኑት

አንድ ኩባንያ መርጦ ሁሉን እሱ ላይ መጫን ለጀማሪ አይሆንም። አንድ አገር መምረጥም ያው ነው። የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው የኒኬይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ጣሪያ እንደገና ያለፈው በ2024 ነው። ጠንካራ ኢኮኖሚ ባለው አገር ከ34 ዓመት በላይ መጠበቅ ማለት ነው።

መፍትሔው በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን በአንድ ላይ የያዘ፣ ዓለምን የሚሸፍን ኢንዴክስ ፈንድ ነው። ኢንዴክስ ፈንድ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ በአንድ ላይ የሚያሰባስብ ሲሆን አሸናፊውን ለመገመት አይሞክርም፤ ገበያውን እንዳለ ይገዛል። ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት መሥራች ጆን ቦግል ለተራው ሕዝብ የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ በአሜሪካ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ወጪው ዝቅ ካለ ለባለገንዘቡ የሚቀረው ይበዛል።

ወጪን አትናቁ። 100 ሺህ አስገብታችሁ ገበያው በዓመት 7 በመቶ አደገ እንበል። ፈንዱ በዓመት 0.2 በመቶ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ከ30 ዓመት በኋላ ወደ 720 ሺህ ይኖራችኋል። 1.5 በመቶ የሚወስድ ከሆነ ግን 498 ሺህ ገደማ ነው። ከ220 ሺህ በላይ ልዩነት የፈጠረችው ሲያዩዋት ትንሽ የምትመስል ቁጥር ናት። ከመፈረማችሁ በፊት የዓመት ክፍያውን፣ የመግቢያና የመውጫ ክፍያውን ጠይቁ። አማካሪ ከያዛችሁም ማን እንደሚከፍለው እወቁ። ከሚሸጥላችሁ ነገር ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ምክሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

5. በአንዴ ወይስ በየወሩ?

ጀማሪን በጣም የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ቫንጋርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ሁሉንም በአንዴ ማስገባት ለአንድ ዓመት ከፋፍሎ ከማስገባት የተሻለ ውጤት ያመጣው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ነው። ገበያ ከመውደቅ ይልቅ የሚያድግበት ጊዜ ስለሚበዛ ነው።

እኔ ግን ገበያ ሲወድቅ አይተው ለማያውቁ ሰዎች ከፋፍሎ ማስገባትን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሁሉን ገንዘቡን 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የያዘውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ በሚከተል ፈንድ ያስገባ ሰው በመጋቢት 2009 ከግማሽ በላዩ በወረቀት ላይ ጠፍቶ አይቷል። መለኪያው ወደ ቀድሞ ደረጃው የተመለሰው በ2013 ነው። የታገሠ ሰው ገንዘቡን አገኘ፤ በፍርሃት የሸጠ ግን ኪሳራውን አጸደቀ። እንዲህ ያለው ድንጋጤ በመጀመሪያው ዓመት ከመጣ ብዙዎች ሸጠው ይወጣሉ፣ ዳግመኛም አይመለሱም። ስለዚህ የሩቁን ገንዘብ 12 ቦታ ክፈሉትና በየወሩ በተወሰነ ቀን አንዱን አስገቡ። ቀኑ አይቀየርም። «ትንሽ ይውረድና እገባለሁ» ማለት ከጀመራችሁ ዕቅዱ ፈርሷል።

6. ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ

ገንዘብ እንዳለው የታወቀ ወጣት ይታደናል። በወር ውስጥ እጥፍ አደርጋለሁ የሚለውን ብዙዎች ይለዩታል። የሚከብደው ጨዋ የሚመስለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በማጭበርበር የተያዘው አሜሪካዊው የገንዘብ አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ እጥፍ ትርፍ አልነበረም የሚያሳየው፤ ገበያው ወጣም ወረደ የማይናወጥ፣ መጠነኛ ትርፍ ነበር። ትርፉ የሚከፈለው ከሌሎች ደንበኞች ገንዘብ ነበር። ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ አጣሩ፤ እነሱ በላኩላችሁ ሊንክ አይሁን። ወደ ግለሰብ ሂሳብ ገንዘብ አትላኩ። «ዛሬ ካልሆነ ያመልጣችኋል» ያላችሁን እለፉት። እንዴት ትርፍ እንደሚያመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት የማትችሉትን ነገርም አትግዙ።

7. ከዚያ በኋላ

ዋጋ በየቀኑ አትዩ። በዓመት አንድ ቀን ምረጡና ክፍፍሉን ተመልከቱ። ለምሳሌ ከሩቁ ገንዘብ 80 በመቶውን አክሲዮን፣ 20 በመቶውን ቦንድ አድርጋችሁ ከጀመራችሁና አክሲዮኑ አድጎ 88 በመቶ ከደረሰ፣ ከ80 በመቶ ያለፈውን ሽጣችሁ ቦንድ ግዙ፤ ወይም በዚያ ዓመት የምትጨምሩትን አዲስ ገንዘብ ቦንዱ ላይ አድርጉ። መሸጥ ግብር የሚያስከፍል ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። በዚያው ቀን በቀኖቹ የከፋፈላችሁበትን ወረቀትም አውጡ። ሠርጉ ተራዝሞ፣ የትምህርቱ ዕቅድ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ የተቀየረበት ገንዘብ ቦታውም ይቀየር።