በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ከመዛወርዎ በፊት ግብሩንና የኑሮ ወጪውን እንዴት ያመሳክራሉ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ሁለት አባባሎች ይመላለሳሉ፤ አንደኛው «ቨርጂኒያ ግብሩ ይቀላል» የሚል ሲሆን ሌላኛው «ሜሪላንድ የመኪና ታክስ የለባትም» የሚል ነው። ሁለቱም በከፊል እውነት ናቸው፤ ሆኖም ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ከአርሊንግተን ወደ ሜሪላንድ ዕቃውን ሊጭን ለተነሣ ሰው አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። አንዱን ቤተሰብ በዓመት ከሺህ ዶላር በላይ የሚጠቅመው ዝውውር ሌላውን ያንኑ ያህል ሊጎዳው ስለሚችል፣ ሒሳቡን የጎረቤት ወይም የዘመድ ወሬ ሳይሆን የራስዎ ወረቀት ሊነግርዎ ይገባል።

ስለዚህ አንድ ምሽት ይመድቡና ያለፈውን ዓመት የግብር ማስታወቂያዎን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀትዎን፣ የመኪናዎን ምዝገባና ኢንሹራንስ እንዲሁም የቤት ኪራይ ውልዎን ገበታ ላይ ይዘርጉ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩና ከዚህ በታች ያሉትን ወጪዎች በዓመት እያሰሉ ጎን ለጎን ይጻፉ። በወር ማስላት ያታልላል፤ ከባዶቹ ሂሳቦች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚመጡ ናቸውና።

መጀመሪያ የገቢ ግብሩን ይውሰዱ። ቨርጂኒያ ከ2 በመቶ ተነሥታ ከ17,000 ዶላር በላይ ባለው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ላይ 5.75 በመቶ ታስከፍላለች፤ ካውንቲዎቿና ከተሞቿ የራሳቸው የገቢ ግብር የላቸውም። የሜሪላንድ የግዛት ግብር ለአብዛኛው ሠራተኛ 4.75 በመቶ ላይ ስለሚቆም ሲያዩት ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ላይ የካውንቲ ግብር ይደመራል። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ይህ ግብር ለ2025 የግብር ዓመት 3.2 በመቶ ነበር፤ ሕጉም ካውንቲዎች እስከ 3.3 በመቶ እንዲያደርሱት ፈቅዷል። ተቀናሾቹም ይለያያሉ። በ2025 ያላገባ ሰው በቨርጂኒያ 8,750 ዶላር መደበኛ ተቀናሽ ሲያገኝ በሜሪላንድ ያገኘው 3,350 ዶላር ነው።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። በ2025 ዓመት 60,000 ዶላር ደመወዝ ያገኘ፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ሠራተኛ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከኖረ ለግዛቱና ለካውንቲው በድምሩ 4,200 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ያው ሰው በቨርጂኒያ የሚከፍለው 2,640 ዶላር ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 1,560 ዶላር ይደርሳል፤ «ቨርጂኒያ ይቀላል» የሚለው ወሬ መነሻውም ይኸው ነው።

ሠራተኛው ዝቅተኛ ገቢ ያለውና ልጆች የሚያሳድግ ከሆነ ግን ሚዛኑ ሊገለበጥ ይችላል። ሜሪላንድ ልጅ ላላቸው ዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የፌዴራሉን የሠራተኛ ክሬዲት (ኢአይቲሲ የሚባለውን የግብር ቅናሽ) 45 በመቶ ትሰጣለች፤ ከግብራቸው የተረፈውንም በጥሬ ገንዘብ ትመልሳለች። ቨርጂኒያ የምትሰጠው ከዚህ ከግማሽ በታች ነው። በየዓመቱ ይህን ክሬዲት የሚቀበሉ ከሆነ ከማናቸውም ሂሳብ በፊት ይህን ዓምድ ይሙሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ባላቸው ስምምነት መሠረት የደመወዝ ግብር የሚከፈለው ለሚሠሩበት ሳይሆን ለሚኖሩበት ነው። በዲሲ ሆቴል የሚሠራና በስፕሪንግፊልድ የሚኖር ሰው ለቨርጂኒያ ይከፍላል፤ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢዛወር ሥራውን ሳይቀይር ለሜሪላንድና ለሞንትጎመሪ ይከፍላል። ስምምነቱ ደመወዝን የሚመለከት በመሆኑ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ሁኔታቸውን ለግብር አዋቂ ቢያሳዩ ይመረጣል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ፤ በእኔ ግምት ለእኛ ማኅበረሰብ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በቨርጂኒያ መኪና እንደ ንብረት ተቆጥሮ በጃንዋሪ 1 ባለው ግምት በየዓመቱ ይታክሳል። አርሊንግተን በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ 5.33 ዶላር ያስከፍላሉ። ግምቱ 20,000 ዶላር የሆነ መኪና በአሌክሳንድሪያ ቅናሽ ሳይታሰብ 1,066 ዶላር ይመጣበታል ማለት ነው። ለግል ለሚነዳ መኪና ግዛቱ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ግምት ላይ ካለው ታክስ ከፊሉን ያቃልላል፤ መቶኛው ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከከተማው ወይም ከካውንቲው ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዱ ወገኖች እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። መኪናው በዓመት ከሚሄደው ማይል ከግማሽ በላይ ለሥራ ከሆነና ይህም በግብር ማስታወቂያዎ ላይ እንደ ሥራ ወጪ ከተያዘ፣ ያ ቅናሽ አይገባዎትም፤ ሙሉውን ይከፍላሉ። ከላይ ያየነው 1,560 ዶላር ትርፍ በአንድ መኪና ብቻ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይሄዳል። የሥራ ድርሻውን በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚገለጽበት የፌዴራል ቅጽ) ላይ እንደ ወጪ ማስያዝ መቻሉ ሕመሙን ጥቂት ያስታግሳል እንጂ አያጠፋውም።

እኔ ወደ ቨርጂኒያ በተዛወርኩበት ዓመት ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በሴፕቴምበር የመጣውን ፖስታ ከፍቼ የመኪናዬን ዓመተ ምሕረትና ግምት ሳነብ የአጭበርባሪዎች ደብዳቤ መስሎኝ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛው ደብዳቤ ቅጣት ጨምሮ መጣ። በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ይህ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚጠናቀቀው በኦክቶበር 5 በመሆኑ በሴፕቴምበር የሚመጣን ፖስታ ሳያነቡ እንዳይጥሉ።

መኪና ሲገዙ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ስታስከፍል ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ትወስዳለች፤ በ30,000 ዶላር መኪና ላይ 1,950 እና 1,245 ዶላር መሆኑ ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ መኪናዎን ይዘው የሚገቡ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ፤ በቨርጂኒያ የከፈሉት ይታሰብልዎታል። ወደ ቨርጂኒያ ሲገቡ መኪናውን ለማስመዝገብ የሚሰጥዎ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ሲሆን የደኅንነት ምርመራውም በየዓመቱ ነው።

በቤት ኪራይ በኩል የዛሬውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እንደሚጨመርብዎት ማሰብም ያስፈልጋል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዓመታዊውን ጭማሪ በዋጋ ንረት ላይ 3 በመቶ በመደመር ይገድባል፤ ያም ቢሆን ከ6 በመቶ ማለፍ አይችልም። ሕንፃው ገና 23 ዓመት ካልሞላው ግን ሕጉ አይነካውም፤ ስለዚህ አፓርታማ ሲያዩ «ሕንፃው መቼ ተሠራ?» ብለው ይጠይቁ። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ለመግቢያ የሚያዘው ዲፖዚትም በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በሚፈረም ውል ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሲወሰን በቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ሊጠየቅ ይችላል።

ገበያው ብዙ አያለያይም። የሽያጭ ታክሱ በሜሪላንድም በሰሜን ቨርጂኒያም 6 በመቶ ነው። ከሱቅ የሚገዛ የጤፍ ዱቄትና ሌላ የምግብ አስቤዛ በሜሪላንድ ታክስ የለበትም፤ በቨርጂኒያ 1 በመቶ ይከፈልበታል። ምግብ ቤት ግን የራሱ ሒሳብ አለው፤ የ100 ዶላር ክትፎና ጥብስ በሲልቨር ስፕሪንግ 6 ዶላር ሲታከልበት የራሷን የምግብ ቤት ታክስ በምትጨምረው በአሌክሳንድሪያ 11 ዶላር ይታከልበታል።

ቤት የሚገዙ ከሆነ በሰሜን ቨርጂኒያ ግምቱ በየዓመቱ፣ በሜሪላንድ በየሦስት ዓመቱ እንደሚሠራ ይወቁ። በሜሪላንድ ለሚኖሩበት ቤት «ሆምስቴድ» የተባለውን ክሬዲት አንዴ ማመልከት ግድ ነው፤ ግብር የሚታሰብበት ግምት በአንድ ጊዜ እንዳይዘልብዎት ይገድብልዎታል። ሳያመለክቱ ግን አያገኙትም።

የሥራ መንገድዎንም በሁለቱ ዓምዶች ያስገቡ። በቨርጂኒያ በኩል የ95፣ የ395 እና የ495 ኤክስፕረስ መስመሮች ዋጋ እንደ ትራፊኩ ብዛት ይወጣል ይወርዳል፤ ዲሲን በሚዞረው መንገድ (ቤልትዌይ) ውስጥ ባለው 66 ላይም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይከፈላል። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ 200 የተባለው መንገድ ይከፈልበታል። ከመወሰንዎ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት በሚገቡበት ሰዓት ከአዲሱ ሰፈር ተነሥተው ነድተው ይሞክሩት፤ ሁለቱን ግዛቶች በሚያገናኘው የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ካርታ ብቻ አይቶ መገመት አይቻልም።

ወስነው ከተዛወሩ በመጀመሪያው ሳምንት ለአሠሪዎ አዲስ ቅጽ ይስጡ፤ ለሜሪላንድ ኤምደብሊው 507፣ ለቨርጂኒያ ቪኤ 4 ይባላል። ይህን ሳያደርጉ ከቀሩ ደመወዝዎ ላይ የሚቆረጠው ወደ ቀድሞው ግዛት መሄዱን ይቀጥልና በኤፕሪል ከአንዱ ተመላሽ እየጠበቁ ለሌላው ከኪስዎ ይከፍላሉ። በዚያው ዓመት ለሁለቱም ግዛቶች የከፊል ዓመት ነዋሪ ሆነው ያስታውቃሉ። ከቨርጂኒያ የሚወጡ ከሆነም መኪናው መሄዱን ለለቀቁት ካውንቲ ወይም ከተማ ያሳውቁ፤ ካልነገሯቸው የሚቀጥለው ዓመት ሂሳብም በስምዎ ይወጣል።