አንድ ብርጭቆ ምስር፦ ተማሪዎች ስለ ረሃብ የሚሠሩበትን ቀን ለማዘጋጀት

ቀኑን ጥቅምት 6 አድርጉት። የዓለም የምግብ ቀን የሚከበረው በዚህ ዕለት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የምንለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 በካናዳዋ ኩቤክ ከተማ የተመሠረተው በዚሁ ቀን ስለሆነ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የራሳችን ወቅት ነው። ምዝገባው አልቋል፣ ተማሪው ክፍሉን ለምዷል፣ ፈተና ገና ነው፣ ክረምቱ አልፎ ጆንያ መሬት ላይ ቢያድር አይረጥብም። በብዙ ገበሬ ቤት ደግሞ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ከማሳ ያልገባበት ጊዜ ነው። ስለ ረሃብ ለልጆች ለመንገር ከዚህ የተሻለ ወር አላውቅም። በ2019 ዓ.ም. ቀኑ ዓርብ ላይ ስለሚውል ሥራው ሁሉ ከጁምዓ ሰላት በፊት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አቅዱ።

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የበጎ አድራጎት ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። የምጽፈው ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆነውን ነው። የሒሳብ መምህርት ስለሆንሁ ነገሬ ሁሉ ወደ ሚዛን ያዘነብላል፤ ታገሡኝ።

ከሁሉ በፊት ተቀባዩን ፈልጉ። ብዙ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ይሰበስብና ኋላ ለማን እንደሚሰጥ ይጨነቃል። ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ወይም በአካባቢያችሁ አረጋውያንን የሚጦር፣ ሕፃናትን የሚያሳድግ ማዕከል ካለ በቀጥታ አነጋግሩ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ወጥ ቤት አላችሁ? ካላቸው እህሉን በጆንያ እንዳለ ይፈልጉታል። ከሌላቸውና ለየቤተሰቡ የሚያከፋፍሉ ከሆነ ደግሞ ባለ ሁለት ኪሎ እሽግ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል። የላስቲኩ ብዛት፣ የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ የሥራው ሰዓት ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪው በግቢው ውስጥ ይመገባል፤ ለአንዳንዱ ልጅ የቀኑ ዋና ምግብ ይኸው ነው። ስለዚህ «የተራቡትን እንርዳ» ብላችሁ በሰልፍ ላይ ስትናገሩ የተራበው ልጅ ከፊታችሁ ቆሟል። ይህን የዘነጋ ዝግጅት የቱንም ያህል ኩንታል ቢሰበስብ ጉዳቱ ያመዝናል። እኔ የምከተለው ሥርዓት ከዚህ የመነጨ ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ የሚያመጣው አንድ የውኃ ብርጭቆ ድፍን ምስር ብቻ ነው። ፓስታም፣ ዘይትም፣ የታሸገ ብስኩትም አይደለም። ያለው ወላጅ አንድ ካርቶን ልኮ ልጁ ተሸክሞ ሲገባ፣ የሌለው ልጅ በር ላይ የሚሆነውን አይቻለሁ። አንድ ብርጭቆ ከሆነ ሁሉም እኩል ነው። ለወላጆች በሚላከው ደብዳቤ ላይ «እንደ አቅም» የሚለውን ቃል አትጻፉ፤ አቅምን ያስለካል። «ከቤት ውስጥ ካለ አንድ ብርጭቆ፤ ከሌለ ልጁ በሥራው ይሳተፋል» በሉ። ሥራው ደግሞ የይስሙላ እንዳይሆን ከታች እመለስበታለሁ።

በየክፍሉ በር ጆንያ አስቀምጡ። ልጆቹ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት እየገቡ ያፈስሱበታል። አጠገቡ መምህር አይቁም፣ ስም አይመዝገብ። የክፍል አለቃ ስም መጻፍ ነፍሱ ነው፤ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ቀድማችሁ ከልክሉት። ክበቡ ካለችው ገንዘብ ላይ ጥቂት ኪሎ ምስር ገዝቶ ከማለዳው በየጆንያው ሥር ትንሽ ትንሽ ያድርግ፤ ባዶ ጆንያ ፊት መቆም ለማንም ደስ አይልም።

የክፍሎች ውድድር አይኑር። ርዕሰ መምህራን ሽልማት ይወዳሉ፤ «ብዙ ኪሎ ላመጣው ክፍል ዋንጫ» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። በትሕትና እምቢ በሉ። የሚያሸንፈው ወላጆቹ የተሻለ የሚያገኙበት ክፍል ነው፤ ከዚያ የሚማሩት ምንድን ነው?

ምስር የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የጾም ነው፣ የፍስክ ነው፣ የክርስቲያን ነው፣ የሙስሊም ነው የሚባል ነገር የለበትም። በደረቅ ቦታ ብዙ ወር ይቆያል። ቤት የተፈጨ ሽሮ ቢመጣ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? በርበሬም እንደዚሁ ነው። የበሰለ ምግብና እንጀራ ፈጽሞ አትቀበሉ። ከሁሉ በላይ ምስር መለቀም አለበት፤ ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩት እውነተኛ ሥራ የሚገኘውም ከዚህ ነው።

ለለቀማው መጋቢ እናቶችን ለምኑ። ምግብ አብሳይ ብቻ አድርገን ስለምናያቸው በዝግጅቶቻችን ላይ ቦታ አንሰጣቸውም፤ ሰፌድ አያያዝ፣ ማንገዋለልና ጠጠር ማውጣት ግን በግቢው ውስጥ ከእነርሱ የበለጠ የሚያስተምር የለም። የምሳ ሰዓታቸውን እንዳትነኩባቸው በዋዜማው ተነጋገሩ። ለአንድ ሰፌድ ስድስት ወይም ሰባት ልጅ ይበቃል። ወንዶቹ መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማን ብዙ ጠጠር አገኘ የሚል ጭቅጭቅ ይጀምራሉ። ሴቶቹን ለለቀማ፣ ወንዶቹን ለሸክም የመመደብ ልማድ ካላችሁ በዚህ ቀን ተዉት።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ለቀማ፣ ምዘና፣ ማሸግ፣ ጽሑፍ መለጠፍ፣ ጭነት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሮቶው በዋዜማው መሙላቱን አረጋግጡ። ፀጉር በሻሽ ወይም በኮፍያ ይሸፈን። ሚዛኑን ከሰፈር ባለ ሱቅ ተዋሱ፤ ነገር ግን ሳትሞክሩት አትመዝኑበት። አንድ ኪሎ ተብሎ የታሸገ ስኳር አስቀምጡበትና የሚያሳየውን እዩ። በእሽጉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የምግቡን ስም፣ ክብደቱንና የታሸገበትን ቀን ይያዝ። የትምህርት ቤቱን ስም በትልቁ መጻፍ አያስፈልግም፤ ምስሩን የሚቀቅለው ሰው ማስታወቂያ አይበላም።

ሥራው በሚሠራበት ሜዳ ዳር አንድ ጠረጴዛ አቁሙ። በቀኑ ከማደርገው ሁሉ የምወድደው ይህን ነው። በአገራችን በአስቸኳይ እርዳታ ለአንድ ሰው በወር የሚታደለው የተለመደው መጠን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ይህን ሰጥታችሁ ለ30 አካፍሉ በሏቸው። ግማሽ ኪሎ ስንዴ፣ 50 ግራም ምስር፣ 15 ግራም ዘይት ያገኛሉ። ከዚያ መዝነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ዘይቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ምስሩ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል፤ «ለቁርስ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለሙሉ ቀን ነው፤ ሽንኩርት የለበትም፣ ማገዶም አልተጨመረበትም፣ ማስፈጫውም ከዚያው ላይ ነው የሚወጣው። ይህን ካዩ በኋላ ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ስሌቱን ወደ ራሳቸው ሥራም መልሱት። አንድ ብርጭቆ ምስር ወደ 200 ግራም ይመዝናል። 50 ተማሪ ያለው ክፍል 10 ኪሎ ገደማ ያመጣል፤ በቀን 50 ግራም ሲታሰብ ለ200 ሰው የአንድ ቀን ጥራጥሬ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ስንት ቀን እንደሚሆን፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብም ስንት ቀን እንደሚሆን ራሳቸው ያስሉት።

የዓለሙን ስፋት ለማሳየት ደግሞ 12 የባቄላ ፍሬ በቂ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እንዳወጡት በአውሮፓውያኑ 2024 በዓለም ላይ 673 ሚሊዮን ያህል ሰው ረሃብ ውስጥ ነበር፤ ከ12 ሰው አንዱ ማለት ነው። አንዷን ባቄላ ለይታችሁ አስቀምጡ። ልጆችን አቁማችሁ «አንተ የተራበው ነህ» የሚለውን ጨዋታ ግን አደራ አታድርጉ፤ ከላይ የተናገርሁት ነው ምክንያቱ።

«ለምን ይራባሉ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ዝናብ ስለጠፋ» ብላችሁ አትለፉት። ቦረናን ጥሩ ምሳሌ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፣ ከብቱ አለቀ፣ ከብት ሲያልቅ ወተቱም የሚሸጠውም አብሮ ሄደ፤ ገበያ ላይ እህል ቢኖር እንኳን መግዣው የለም። ሱዳንን ጨምሩበት፤ የዘምዘም የተፈናቃዮች ካምፕ በአውሮፓውያኑ 2024 ረሃብ የታወጀበት በጦርነት ምክንያት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ልጆቹ ዝናብ፣ ገንዘብና ጠብመንጃ እንዴት እንደሚገናኙ ያያሉ። የ1977ን የኮረምን ፎቶግራፎች አላሳይም። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድንጋጤ እንጂ ዕውቀት አይሰጡም፤ በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘመዶች ከተማሪዎቼ መካከል ሊኖሩ እንደሚችሉም እገምታለሁ። ይልቅ ያንን ዘመን የኖሩ አንድ አያት ፈቃደኛ ከሆኑ ጋብዟቸው፣ ጥያቄዎቹንም አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። ምን እንደ በሉ፣ ማን እንዳካፈላቸው፣ በኋላ እንዴት እንዳገገሙ ይንገሯቸው።

«ምስራችንን ለሱዳን ልጆች እንላክ» የሚሉ ይኖራሉ። ልባቸውን ሳትሰብሩ እውነቱን ንገሯቸው፦ ጥቂት ኪሎ ምስር ድንበር ለማሻገር የሚወጣው ገንዘብ ከምስሩ ዋጋ ይበልጣል። ለሩቁ ረሃብ አንድ የሚሠራ ነገር አለ። ኢንተርኔት ያለው የኮምፒውተር ክፍል ካላችሁ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ለፍሪራይስ ስጡ። በአውሮፓውያኑ 2007 የተጀመረ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው፤ አሁን በዓለም የምግብ ፕሮግራም ሥር ይገኛል። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ በማስታወቂያ አስነጋሪዎች ወጪ ጥቂት የሩዝ ፍሬ የሚያወጣ ገንዘብ ለድርጅቱ ይገባል። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ የቋንቋ መምህራችሁም አይከፋም። ኢንተርኔት ከሌለ እለፉት፤ ቀኑ አይጎድልበትም።

ስለ ንብረት ክፍል አንድ ነገር ልበል። ምስሩ በትምህርት ቤቱ መጋዘን ካደረ በሞዴል 19 ይገባል፣ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም፤ ፈራሚው በዕለቱ ስብሰባ ከሄደ እህላችሁ እስረኛ ነው። የሚሻለው በዚያው ቀን ሰብስቦ፣ ለቅሞ፣ ጭኖ ማውጣት ነው። ካልሆነ ንብረት ኃላፊውን ከሁለት ሳምንት በፊት አነጋግሩ። ጥሬ ገንዘብ አትቀበሉ። ልስጥ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ካለ ላስቲክ ገዝቶ ያምጣ።

ለማጓጓዝ ከወላጆች መካከል ሚኒባስ ወይም ዳማስ ያለው አይጠፋም፤ በወላጅ መምህራን ማኅበር በኩል ጠይቁ። ከጭነቱ ጋር ሦስት ተማሪና አንድ መምህር ይሂዱ። ተቀባዮቹን ፎቶግራፍ ማንሳት የለም፤ ፎቶግራፍ የግድ ከሆነ ሰፌዱንና የልጆቹን እጅ አንሡ። ማዕከሉ የተቀበለውን ኪሎ ጽፎ ማኅተም ያድርግበት።

ሰኞ ጠዋት ያ ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሚኒ ሚዲያውም ጠቅላላውን ኪሎ፣ ከተለቀመው የወጣውን የጠጠር ክብደትና የምስሩን መድረሻ ብቻ ያንብብ። የትኛው ክፍል ስንት እንዳመጣ የሚጠይቃችሁ ካለ አልመዘንነውም በሉት። ሚዛኑን ለባለ ሱቁ፣ ሰፌዶቹን ለመጋቢ እናቶች አጥባችሁ መልሱ።